ልጅዎ ደውሎ ነበር

ውድ እናቴ፣ እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው? ወንድሜ ሥራ ቀናው? አክስቴስ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች ወይስ ኩርፊያው እንደቀጠለ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እዚህ ላይ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ የሆነውን ልንገርሽ።

ሥራዬ ያው አረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓይናቸው የማያይ አንዲት አሮጊት አሉ፤ የመኪና ድምፅ ለመስማት ከመስኮቱ ሥር ስለማይነሱ «እማማ መስኮት» እንላቸዋለን። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሩቅ አገር ነው፤ አይደውልም። ቤቱ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ቁርስ የምታበላቸው ሠራተኛ ማንኪያውን ከማንሳቷ በፊት «ልጅዎ ደውሎ ነበር፤ ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀስንዎትም» ትላለች። እሳቸውም «እሰይ የኔ ልጅ፣ አንጀቱ አልቻለም» ይሉና አፋቸውን ይከፍታሉ።

ተራው ሲደርሰኝ ይህን ማለት አቃተኝ። እንዴት እንዳሳደግሽኝ ታውቂያለሽ። እግዚአብሔርን መታዘዝ ማንም በማይሰማሽ ቦታ በምትናገሪው ትንሽ ቃል ነው ትይኝ ነበር። ዝም ብዬ ላበላቸው ስል «ልጄ አልደወለም?» አሉኝ። «አልደወለም፣ እማማ» አልኳቸው። «ከዚያ በፊትስ?» አሉ። እኔ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ደውሎ አያውቅም አልኳቸው። አላለቀሱም። እጄን ያዝ አድርገው «አንቺ አትዋሺም ማለት ነው» አሉኝ። ምግቡን ግን ተዉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቁራሽ በላይ አልበላ አሉ።

አብሳይዋ «አንቺ ቅድስት፣ ገነት ስትገቢ ለእኛም ወንበር ያዢልን፤ እስከዚያው ግን ሾርባዬን አታስደፊኝ» ብላ ሁሉንም አሳቀች። አለቃችን አልሳቀችም። «ህሊናሽን ለማሳረፍ ብለሽ የሰው ተስፋ አታጨልሚ» አለችኝ። 

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ልጃቸው የእውነት ደወለ። አለቃችን ስልኩን ይዛ ፎቅ እስክትወጣ መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሰው ቢደውሉ አይነሳም። ለእማማ ቢነግሯቸው «ደግሞ ጀመራችሁ! ያቺን የማትዋሸዋን ጥሩልኝ» ብለው አፋቸውን ዘጉ። ስመለስ ሠራተኞቹ በር ላይ ጠበቁኝ። አብሳይዋ እንኳ ቀልዷን ትታ «በእናትሽ፣ አንድ ቃል ነው፤ እውነት ነው ደግሞ» ብላ ለመነችኝ።

ገብቼ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ደወለ?» አሉኝ። እማዬ፣ አዎ ብል ምን ነበረበት? ግን በጆሮዬ አልሰማሁም፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ያላየሁትን እንዴት ልመስክር? «እኔ አልነበርኩም፤ ደወለ ብለው ነግረውኛል» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሮጬ ወጥቼ ስልኩን ከአለቃችን ተቀበልኩ፤ የልጃቸውን ቁጥር በዓይኔ አየሁ። ተመልሼ «እማማ፣ ደውሏል፣ አየሁት!» አልኳቸው።

«አንቺንም አስተማሩሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም።

ሐኪሙ መጥቶ አይቷቸው አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ልጃቸው እስከ ዛሬ ስልኩን አላነሳም። እኔ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አረጥባለሁ፤ ጥርሳቸውን ገጥመው ይቆዩኛል። ለመጸለይ እንበረከክና «ጌታ ሆይ፣ ታዘዝኩህ» ልል እጀምራለሁ፤ የታዘዝኩት እሱን ይሁን የራሴን ንጽሕና ስለማላውቅ ሳልጨርሰው እነሳለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማኝ ፎጣ ነክሼ አለቅሳለሁ።

ስትመልሺልኝ እግዚአብሔር ያውቃል ብለሽ አትለፊኝ። ማወቁን እኔም አውቃለሁ፤ የጨነቀኝ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው። አንቺ ብትሆኚ ከአጠገባቸው ተቀምጠሽ ምን ትዪያቸው ነበር?

ወንድሜን በጣም ናፍቄሃለሁ በይልኝ። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አንቺንም ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ታናሽ እህቴን እቀፊልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት። ስለ እኔ ከጠየቀችሽ፣ ደስ ብሏት ትሠራለች በያት።

ልጅሽ
ከአረጋውያን መኖሪያው፣ ከሠራተኞች ክፍል
የካቲት 9 ቀን