ተደናቅፋ ወደቀች

ዲላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለወልዱ
ሐዋሳ

እንደምን ሰንብተሃል? የጎንህ ሕመም እንዴት ነው? በዝናብ ወራት እንደሚነሳብህ ስለማውቅ ሳስብህ ሰነበትኩ። ደብዳቤ «እኛ በጣም ደህና ነን» ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ እኔ ግን ዛሬ አልዋሽህም። ደህና አይደለንም። ልጃችንን ባርኮትን እሑድ ዕለት ጪጩ ሜዳ ላይ ደብድበዋታል። በሕይወት አለች። ይህን ካወቅህ በኋላ ቁጭ በልና ቀሪውን አንብብ።

ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ላክህልኝ። ስለዚህ ይህን ለሚኒባስ ሾፌሩ ለአሌክስ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ከሐዋሳ ዲላ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አንተ ግን ከመጣህ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው።

ጨዋታው የፍሬ ቡናና የወናጎ ቡድን ነበር። ባርኮት የመስመር ዳኛ ነበረች። እኔም ሳልነግራት ተከትያት ሄጄ ከሕዝቡ መሐል ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፍሬ ቡና አገባና ባርኮት ባንዲራዋን አነሳች። ኦፍሳይድ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የዳኛ ሚስት ሆኜ ይህችን እንኳ አላጣትም፤ ልጁ ከተከላካዮቹ ሁሉ አልፎ ብቻውን ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ የወረወሩት የውኃ ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ ድንጋይ መጣ። አንዱ ትከሻዋን መታት፤ ባንዲራዋን ግን አላወረደችም። ዋናው ዳኛ እስኪያይ ድረስ አይወርድም ብለህ ያስተማርካት አንተ ነህ። ዋናው ዳኛ ኃይለኢየሱስ አየ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ ጎሉን ሻረ፣ ከዚያም ወደ መልበሻ ክፍል ሮጠ። አልፈርድበትም፤ የልጆች አባት ነው።

የፍሬ ቡናው ፕሬዚዳንት ተሻለ ገመዱን ተሻግሮ ገባ። አዎ፣ ያው ተሻለ። ባንዲራውን ከእጇ ነጥቆ በእንጨቱ አፏ ላይ መታት። እንጨቱ ሲሰበር በስባሪው ደገማት። ስትወድቅ ሌሎቹም ደረሱባት፤ ስንት እንደነበሩ አላውቅም፣ የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። ባንዲራ የያዘችበትን እጇን አንዱ በታኬታ ረገጠው፤ ረግጦም ቆመበት። እየጮህኩ ገባሁ። አንዱን ክንዱን ነከስኩት፤ የማን ክንድ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ የደሙ ጣዕም ግን ከአፌ አልወጣ ብሏል። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው የያዘው እኔን ነው። «እናት፣ ተረጋጊ» ይለኛል። የጨዋታው ኮሚሽነር ጃንጥላ ስር ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

የቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። በግራ ጆሮዋ አትሰማም፤ ሐኪሙ ጊዜ እንስጠው ብሎ ትናንት ወደ ቤት ሰደደን። ገና ከመንቃቷ የጠየቀችኝ «ሪፖርቱስ?» ብላ ነው። በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት አለችኝ። እጇ በጀሶ ስለታሰረ እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩ፤ እሷም በግራ እጇ እንደምንም ፈረመች። አንድም ቃል አልጨመርኩም። መጨመር አምሮኝ ነበር፤ «እማዬ፣ ያየሁትን ብቻ ጻፊ» እያለች ከለከለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ከሚካኤል ስመለስ ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው አገኘሁ። ተሻለ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ሰው እምቢ እንዳይላቸው ቀኑን አስበውበታል። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ያመጣው ማን መሰለህ? ይርጋ፣ የሊጋችሁ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ሪፖርቱን ተቀብሎ ወደ እናንተ መላክ የነበረበት ሰው ከሳሽና ተከሳሽ ሊያስታርቅ ነጠላ ለብሶ መጣ።

«ወይዘሮ ሮማነ፣ ስለ ሚካኤል ብለው ይቅር ይበሉ» አለኝ ይርጋ። «ነገሩ በደብዳቤ ከሄደ ከተማውን ያበጣብጣል። እዚሁ በቤተሰብ ወግ ይለቅ።»

ከመሐላቸው ከወናጎ የመጡ አንድ የጌዴኦ አባት ነበሩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «ልጅቷ የኛም ልጅ ነው» አሉ። «እርቅ ጥሩ ነው። ግን በኛ ወግ ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። እሱ ሳይናገር እርቅ የለም። ተናገር፣ ልጄ።»

ተሻለ እንዳጎነበሰ መሬት መሬት እያየ፣ «ግርግር ነበር፤ ገፋ አድርገናት ይሆናል» አለ። «ተደናቅፋ ወደቀች።»

«እኔ እሑድ ሜዳ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ውሸት ላይ አላስታርቅም።» ዱላቸውን አንስተው ወጥተው ሄዱ። ይርጋ እጃቸውን ሊይዝ ቢሞክር ዞር ብለውም አላዩት።

ሌሎቹ እኔን ማየት ጀመሩ። ድንጋዩን ከማጅራቱ እንዳወርድለት እየጠበቁ ነው። ቆሜ አየሁት። ከዚህ በፊት ሰውን እንዲህ ጠልቼ አላውቅም። አንገቱ ደም መሰለ፣ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ባርኮት ደግፏት የሚወጣ ሰው ሳትጠራ ግድግዳውን ይዛ በር ላይ መጣች። ተሻለ ቀና ሲል ያንን ያበጠ ፊት አየ። ያፈረ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርዶ ወደ እሷ ወረወረው። ከራሷ አንድ ስንዝር ርቆ የበሩን ቆርቆሮ ቀደደው። «ፊሽካ ስትይዝ ባያት ሌላውንም እጇን ነው የምሰብረው!» አለ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በሚካኤል ቀን። ይቅርታው ያለቀው በሩብ ሰዓት ነው።

ይዘው ሲያስወጡት ሪፖርቱን ለይርጋ ሰጠሁት፤ መቀበሉንም አስፈረምኩት። ሳይጣላኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ እንደሚያዝንልኝ ሰው «ወይዘሮ ሮማነ፣ ይሄ ወረቀት የትም አይደርስም» አለኝ። «ሐሙስ የሚቀመጠውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚመራው አቶ ወልዱ ነው። አቶ ወልዱ ደግሞ የኛ ሰው ነው።»

ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ቃል አመመኝ። የአንተን ስም እንደ ቤቱ ቁልፍ ከኪሱ አወጣው።

ባለፈው ወር በሬዲዮ ሰምቼሃለሁ። ጋዜጠኛው የእግር ኳስ አመራር መቼ ነው የሚለወጠው ሲልህ «ሪፎርሙ ተጀምሯል፣ መመሪያው እየተከለሰ ነው» አልክ። ድምፅህ አምሮ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ከፍ አድርጎ ሰማህ። ከዚያ በፊት የነበረውም ሊቀመንበር ያንኑ ብሎ ነበር። ከባሕር ማዶ ያሉት ትልልቆቹ የኳስ አለቆችም በየምርጫው ያንኑ ይላሉ አሉ፤ የእነሱን እኔ አላውቅም፣ ጪጩን ግን አውቃለሁ። ጪጩ ላይ ያየሁት ከልሳችሁ የጨረሳችሁትን ነው።

ባርኮት የዳኝነት ኮርስ ስትጀምር «ያንን ሜዳ እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጄ አትገባበትም» ብለህ ቤቱን አናወጥከው። እኔም ቅናተኛ አልኩህ፤ ሴት ልጅ ዳኛ ስትሆን አይወድም ብዬ ሰደብኩህ። ሻንጣህን ይዘህ የወጣኸውም በዚያ ጠብ ነው። በስድቡ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ለካ እውነትህን ነበር። ግን ወልዱ፣ ሜዳው ምን እንደሆነ ካወቅህ፣ የምታስተካክልበት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን ስትሠራ ነበር?

ይህን ስጽፍ እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የዛሬ ስምንት ዓመት ይኸው ተሻለ በዚያው ሜዳ ሦስት የጎን አጥንትህን ሲሰብር፣ ሽማግሌ ሲመጣ፣ «ይቅር በል፣ ሰላም ይሻለናል» ያልኩህ እኔ ነኝ። ድንጋዩን ከማጅራቱ ያወረድኩት እኔው ነኝ። ሪፖርትህን ቀድደህ «ተደናቅፌ ወደቅሁ» ብለህ እንደ አዲስ ስትጽፍ እስክሪብቶውን ያቀበልኩህም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ወር የኮሚቴ አባል ሆነህ ስትሾም እልል አልኩ። ሰላም ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለተሻለ ግን ልጃችንን ነው ያመቻቸንለት።

ዛሬ ከሰዓት ይህን ሁሉ ለባርኮት ነገርኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «አባዬ እንዳልተደናቀፈ ያኔም አውቅ ነበር» አለች። «ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባው ላይ የጫማ ማህተም ነበር።» አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ወልዱ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳናፍር ብላ ይዛው ኖረች።

እሷ ምንም እንድጠይቅህ አትፈልግም። «አባዬን አታስጨንቂው» ነው የምትለው። እኔ ግን አስጨንቅሃለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ሲቀመጥ ከወንበሩ ተነሣ። ልጅህ ናትና ልትፈርድላት አይገባህም፤ እኔም ፍረድላት አላልኩህም። ምስክር ሆነህ ቁም። ተሻለ አንተን ምን እንዳደረገህ፣ ማን እንዳስታረቀህ፣ ምን ብለህ እንደጻፍክ፣ ለዚያ ምን እንደተሰጠህ ተናገር። የኔንም ስም ጥራ፤ ከፈለጉ መጥቼ እቆማለሁ። ሐሰተኛ ሪፖርት ጽፈሃል ብለው ያባርሩህ ይሆናል፣ በሬዲዮም ስምህን ያነሱት ይሆናል። ያባርሩህ። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤትህ ና።

ተቀምጠህ ከፈረምክ ግን አትምጣ።

ጎንህን ሙቀት አድርግበት። ሚካኤል ከክፉ ይጠብቅህ፣ ሐሙስ ደግሞ አንደበትህን ይፍታልህ። ሚስትህ ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ለዛሬው ይቆየኝ።

የባርኮት እናት
ሮማነወርቅ