የማዋለጃ ክፍሉን ክሊም ያጠፉት ሲስተር ናዝሬት ጀንበሬ

ሲስተር ናዝሬት ጀንበሬ ከአባታቸው ከአቶ ጀንበሬ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሰው ካሳ በ1966 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ተከታትለው፣ ሐረር በነርስነት ሠልጥነው በ1988 ዓ.ም. ተመረቁ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ሟችን «ትሑትና ዝምተኛ ነበሩ» ማለት የተለመደ ነው። ሲስተር ናዝሬት ትሑትም ዝምተኛም አልነበሩም። በሕይወት ሳሉ ብዙ ተዋሽቶባቸዋልና በሬሳቸው ላይ አንዋሽም።

በ1993 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ገብረኪዳን ታፈሰ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ጎጆ ወጡ። አንዲት ሴት ልጅም ፅዮናዊትን አፈሩ። ዲፕሎማቸውን ለማስመዝገብ በፀሐይ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደሚባለው የመንግሥት ቢሮዎች ሰፈር ሲመላለሱ ፈረንሳይኛውን ከየቢሮው፣ ሱማሊኛውን ከገበያ ለመዱ። በ1999 ዓ.ም. ሆዳን ሰፈር በሚገኝ የግል ማዋለጃ ክሊኒክ ተቀጠሩ።

ጠቡ የጀመረው እዚያ ነው። በዚህች ከተማ ሕፃን በብርድ ይሞታል ቢሉት የማይስቅ የለም፤ የክሊኒኩ ባለቤትም ስቀዋል። ነገር ግን ምጥ የያዛት እናት በላብ ስትጠመቅ ክሊሙ፣ ማለትም የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ፣ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ርጥብ ሕፃን በዚያ ቀዝቃዛ ነፋስ ውስጥ ይወለዳል። ዘመድ «ቶሎ ይታጠብ እንጂ» እያለ ይጨቀጭቃል፤ አንዲት ነርስ ደግሞ ሦስት ወላዶችን ለብቻዋ ታያለች። ሲስተር ናዝሬት ሕፃኑ ሊወለድ ሲል ክሊሙን ያጠፉ ነበር። ልጁን አድርቀው በእናቱ ደረት ላይ ያስተኙና ይሸፍኑታል፤ እጥበቱን ለነገ ያሳድራሉ፤ ሊስም የመጣውን ዘመድ ከበር ይመልሳሉ። በዚህም «ክሊም አጥፊዋ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጡት ባዕዶች አይደሉም፤ በማኅበርና በዕድር አብረዋቸው የሚቀመጡ ያገራቸው ልጆች ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የአንድ ትልቅ ነጋዴ ቤተሰብ «በሙቀት ልትገድለን ነበር» ብሎ ከሰሳቸው። የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተር ናዝሬትን ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አወረዷቸው፤ የክሊሙን ሪሞት ደግሞ ለወላድ ዘመዶች አስረከቡ። ይህንንም የደንበኛ አገልግሎት አሉት።

ወሩ ሳያልቅ የሌላ ሾፌር፣ የአቶ ጫላቸው ባለቤት፣ ወይዘሮ ሰብሊ፣ በዚያው ክሊኒክ ወንድ ልጅ ተገላገሉ። ልጁ ወዲያው ታጥቦ ከክሊሙ ሥር ተኛ። የከበቡት ጠያቂዎች «ምን ያለው ጸጥተኛ ልጅ ነው» እያሉ አደነቁ። ሲስተር ናዝሬት የታጠበ አንሶላ ይዘው ሲገቡ የልጁን እግር ነኩ። አንሶላውን ጥለው፣ የጋውናቸውን ቁልፍ ፈትተው ልጁን ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ሐኪም እንዲጠራም ጮኹ። ሐኪሙ ሲደርስ ልጁ አልፎ ነበር። በእሳቸው እቅፍ ስለ ሞተ ጥፋቱ የእሳቸው ሆነ። የክሊኒኩ ባለቤት «ያለ ቦታዋ ገብታ ልጁን ነካካችው» ብለው አባረሯቸው።

እናንተም አመናችሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸውን ያልመለሰ፣ ከፅዮናዊት ሠርግ ሆን ብሎ የቀረ ሁሉ ዛሬ ፊት ወንበር ይዞ ደረቱን ይመታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሲስተር ናዝሬት ከዚያ በኋላ በካርቲየ 6 የሚጠሯቸውን ጥቂት እናቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲረዱ ኖሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ ለዓመታት ያላነጋገሯቸው ወይዘሮ ሰብሊ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ሲስተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ በርዶት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር ናዝሬትም «አዎ፣ በርዶት ነበር። ሲያልፍ ግን ደረቴ ላይ ነበር፤ ብቻውን አልሄደም» አሏቸው። ወይዘሮ ሰብሊ እስከ መጨረሻው ሰዓት ከአልጋው አልተለዩም። ዛሬ ከቤተሰቡ መካከል የተቀመጡትም ለዚህ ነው።

ሲስተር ናዝሬት በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ገብረኪዳን፣ ልጃቸው ፅዮናዊት እና ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ፀጋው በሐዘን ቀርተናል። ክሊኒኩ «ለታታሪዋ ባልደረባችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። አበባው ደጅ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ሲወጣ ይየው።

አምላካችን ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ይቀበልልን። የወይዘሮ ሰብሊንም ልጅ እዚያ እቅፍ ውስጥ ሞቆት ያግኙት።