ቃሬዛው የወረደበት ቦታ

ወንድምዬ፣

«እንዴት ነህ» ስልህ «ደህና ነኝ» ብለህ የምትገላገለኝ እንዳይመስልህ። ነርስ ነኝና በዝርዝር ነው የምጠይቅህ። ያ ወገብህ እንዴት ሆነ? መጋዘን ውስጥ አሁንም ከባድ ዕቃ ታነሳለህ ወይስ ቃል እንደገባህልኝ ለወጣቶቹ ትተህላቸዋል? ጠዋት ቁርስ ትበላለህ? ራስ ምታቱስ ተወህ? ለእያንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለፈው እሁድ ጎረቤቷን ስለ አጥር ጉዳይ ተቆጥታ ስትመለስ ጉልበቷም የዳነ መስሎ ነበር። እኔም ቡራዩ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ እየተንከራተትኩም ቢሆን አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው ትል ይሆናል። ያመጣኸው አንተ ነህ። ስለ አባዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። ገላን ያን ሁሉ ፋብሪካ ደርድሮ ኔትወርክ የሚጠፋው እኔ አባዬን ሳነሳ ብቻ ነው? ወረቀት እንደሆነ አይቆራረጥም። ዱባለ፣ ያ የሰፈራችን የጭነት መኪና ሹፌር፣ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጁ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ግማሹ እንኳ ያስቅሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ለአሥር ቀን ሥልጠና አንድ ሰው እንዲልክ ተጠይቆ እኔን ላከ። የሥልጠናው ስም «የዱርና የጉዞ ሕክምና» ይባላል። ስሰማው ጅብ የምናክም መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ሐኪም ቤት በሌለበት፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ሰው ሲጎዳ ምን እንደሚደረግ፣ መንገደኛም ከአገር አገር ሲዘዋወር ምን በሽታ ይዞ እንደሚመለስ የሚያስተምር ነው። ሐኪሙም፣ ጤና መኮንኑም፣ ነርሱም ተደባልቀን ሃያ ሰው ነበርን። የት አደረጉት መሰለህ? ሱሉልታ! የእኛው ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ተራራው በኩል፣ ከእማዬ ቤት በእግር አርባ ደቂቃ።

አሠልጣኛችን ዶክተር ተድላ ይባላል። ተራራ ከሚወጡ ቱሪስቶች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል። የመጀመሪያው ቀን ቦርሳችንንና ስልካችንን ሰብስቦ ሜዳ ላይ አቆመንና «አንዳችሁ እግሩ ተሰብሯል። ያላችሁ የለበሳችሁት ብቻ ነው። ጀምሩ» አለን። ሃያ የተማረ ሰው እርስ በርስ ተያየ። ጓንት የጠየቀም ነበር። መጨረሻ ላይ በሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በኔ ሻርፕ አሰርነው፤ ሻርፔ እስካሁን ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

እኔን ታውቀኛለህ፣ ካልጠየቅሁ አይሆንልኝም። ሰው ከፍታ ላይ ሲወጣ ለምን ያስመልሰዋል? እዚህ የተወለድነውንስ ለምን አያስመልሰንም? እዚህ ሩጫ ሊለማመዱ የሚመጡት ፈረንጆች የመጀመሪያውን ሳምንት ራሳቸውን ይዘው የሚውሉት ለምንድን ነው? በሦስተኛው ቀን ዶክተር ተድላ «ዱርሲቱ፣ ለሌሎቹም ጥያቄ አስተርፊላቸው እንጂ» አለኝ። ዝም ግን አላልኩም። አንድ ነገር አስደንግጦኛል፤ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «የት ከርመህ መጣህ?» ማለት ይገባል። እኔ ስንቱን ሹፌር ቆላ ደርሶ እንደመጣ ሳልጠይቀው አሳልፌዋለሁ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚያስነጥሰውን ሁሉ ከየት እንደመጣ እየጠየቅሁ ሰው ማስቸገር ይዣለሁ።

አሁን ወደሚያስቀው ልምጣ። በአምስተኛው ቀን የቃሬዛ ትምህርት ነበር። ሁለት ረጃጅም እንጨትና አንድ ጋቢ ይዘን በሽተኛ ሆኖ የሚተኛልን ሰው ስንፈልግ ዶክተር ተድላ ከሁላችንም ግዙፉን ዶክተር አጵሎስን መረጠልን፤ «ዱር ውስጥ ቀላል በሽተኛ ምረጡ የሚላችሁ የለም» ብሎ። ዶክተር አጵሎስ ከሰበታ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚመጣው። ጋቢው ላይ እንደተጋደመ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ካፊያ ሲጀምር ሳምሪ የምትባለው ጓደኛችን አዘነችለትና ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነችው። ትምህርቱ ደግሞ በሽተኛ እግሩ ወደ ፊት ሆኖ ይሂድ ይላል፤ ከኋላ ያለው ተሸካሚ ፊቱን እያየ እንዲሄድ። እኛም እንደተማርነው እግሩን አስቀድመን በመንደሩ መሃል አለፍን።

አንተ ገና ስታነብ ገብቶሃል። እኔ ግን እዚያው አድጌ አንዴም አልታሰበኝም! በእኛ መንደር በሕይወት ያለ ሰው በራሱ በኩል ነው የሚሄደው፤ እግሩ የሚቀድመው የሞተ ብቻ ነው። አንዲት ሴት «ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» እያለች ከአጥሯ ወጣች። ሌላዋ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ከየቤቱ ሰው ወጣና ልቅሶው ቀለጠ። ዶክተር ተድላ «ኧረ አልሞተም፣ ትምህርት ነው!» ቢል ማን ሊሰማው? በጩኸቱ ዶክተር አጵሎስ ነቃ። ጋቢውን ገፎ ቁጭ አለና «ደረስን እንዴ?» አለ። ወንድምዬ፣ ሰው ሲበተን ብታይ! ነጠላዋን ያሰረችው ሴት አጥር ዘለለች፤ ከኛ ተሸካሚዎች መሃል እንኳ ሁለቱ ደንግጠው እንጨቱን ለቀቁት። ዶክተር አጵሎስ በማግሥቱም መቀመጫውን ያመው ነበር።

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ሚልኬሳ ዱላቸውን ይዘው የደረሱት። አባዬ የሞተ ቀን በቃሬዛ ከተሸከሙት አራት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ያ ዋቃ! አምላክ ሆይ! ሰው በቁሙ ትቀብራላችሁ? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯችሁ ይሄን ነው?» ብለው ሐኪሙንም ነርሱንም አንድ ላይ ወረዱብን። ዶክተር ተድላ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃቸውና «እንግዲያው እርስዎ ያስተምሩን» አላቸው። ቀልዱን መስሏቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን እውነትም አስተማሩን። ዳገት ላይ አጭሩ ከኋላ ሳይሆን ከፊት እንደሚሆን፣ ሳይቆሙ ትከሻ እንዴት እንደሚቀያየሩ አሳዩን። ደግሞም አምስተኛ ሰው አለ። ከጎን እየሄደ የበሽተኛውን ፊት እያየ ስሙን ይጠራል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። መልሱ ሲዘገይ ወይም ሲዘባረቅ ተሸካሚዎቹ ያውቃሉ። ዶክተር ተድላ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ እኛም በራሱ በኩል ነው የተሸከምነው፤ አምስተኛ ሰውም መደብን። ኦቦ ሚልኬሳም በየቀኑ እየመጡ ከኛ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ጀመር።

የሚያስቀው አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው በሌለበት አንብበው።

በሰባተኛው ቀን የተማርነው ስለ ብርድ ነበር። ዶክተር ተድላ እንዲህ አለ። ሰው ውሃ ወስዶት ቢወጣ፣ በረዶ ቢመታው፣ መንቀጥቀጡን አቁሞ አፉ ቢተሳሰር፣ ተሸክሞ መሮጥ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ማውረድ ነው። ከነፋስ ማስጠለል፣ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ መጠቅለል፣ ከሥሩ ሣርም ሆነ ጭድ ማንጠፍ። እያንገጫገጩ ቢሮጡ ልቡ ሊቆም ይችላል።

ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ይህ ያንተ ቃል ነው። ያን ነሐሴ አባዬን ደራሽ ውሃ ወስዶት ከወንዙ ሲያወጡት፣ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድበት፣ አንተ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነህ «አውርዱት! ልብሱ ነው የሚገድለው!» ብለህ ስትጮህ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ሰምቼሃለሁ። ማን አስተማረህ? ባዶዋ የእረኞች ጎጆ ውስጥ አስወረድከው። ተሸካሚዎቹ ደረቅ ልብስና ተጨማሪ ሰው ሊያመጡ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ያለውን አንተም ታውቃለህ። ልጁ ባያስወርደው ጤና ጣቢያ ይደርስ ነበር። ለቅሶ ላይ ተባለ፣ ገበያ ላይ ተባለ፣ እማዬም አንድ ቀን ንዴት ይዟት ፊትህ ላይ አለችው። ዓመት ሳይሞላ ሄድክ። ከገላን ሱሉልታ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ አንተ ግን ለበዓል የሚላክ ነገር ትልካለህ እንጂ አትመጣም።

ኦቦ ሚልኬሳ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ዶክተር ተድላን ጠየቁት። «ዶክተር፣ አንድ ልጅ ነበር። አባቱን ስንሸከም አውርዱ፣ ልብሱን እናውልቅ ብሎ አስቆመን። ልጁ አጥፍቷል?» ዶክተር ተድላ የማንን ታሪክ እንደሚሰማ አያውቅም። «ልጁ ልክ ነበር። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው» አላቸው። ኦቦ ሚልኬሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አሉ።

ወንድምዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ያኔውኑ ልደውልልህ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ግን ዶክተር ተድላ ትምህርቱን አልጨረሰም ነበር። የማይደረገውን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። አረቄ አታጠጡ። አታቁሙት። እሳት አታስጠጉት። እጅና እግሩን አትሹት። ሁሉም «ለምን?» እያለ ጠየቀ። ሳምሪ ዞር ብላ «ዛሬ ጥያቄ የለሽም?» አለችኝ።

ስንበተን ኦቦ ሚልኬሳ ተከትለውኝ መጡ። ሽማግሌ ይዘው ገላን ድረስ መጥተው ይቅርታ ሊጠይቁህ ይፈልጋሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። «ስንመለስ ወንድምሽ በር ላይ ቆሞ ነበር። ‹እንዳወረዳችሁት ወዲያው ሞተ፣ ገና ከጎጆዋ ሳትወጡ ነው ያለቀው› አለን። እኛም ማስወረዱ ገደለው ያልነው ከዚያ ተነስተን ነው» አሉኝ። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወዲያው አልሞተም። አንተ ጭድ ልታመጣ ወጥተህ ነበር። «አትንኪው፣ ስሙን ብቻ ጥሪ» ብለኸኝ ነው የሄድከው። እግሮቹ ነጭ ሆነው ነበር። እማዬ ዝናብ መትቶን ስንገባ እግራችንን ታሽልን የለ? ጭኔ ላይ አድርጌ ባለኝ ኃይል አሸሁለት። ዓይኑን ገልጦ «እጅሽ ይሞቃል» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። አንተ ጭዱን ታቅፈህ ገባህ። እሱን አየህ፣ እጄን አየህ። «ተኝቷል» አልከኝ፤ «ሂጂ ሌላ ጭድ አምጪ» አልከኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባዬን ያስተኛሁት እኔ ነኝ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

በማግሥቱ ዶክተር ተድላን ለብቻው አግኝቼ እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጌ ጠየቅሁት። በዚያ ብርድ ማን በምን እንደሞተ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ምንም ባይነካም ሊሞት ይችል ነበር አለኝ። ቀጠለና እግሩን ያሸው ሰው ዕድሜው ስንት ነበር አለኝ። «ዘጠኝ» አልኩት። በእጁ የያዘውን ሻይ ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

ሥልጠናው ትናንት አለቀ፤ ሰርተፍኬት ይዤ በቀጥታ ወደ ኦቦ ሚልኬሳ ቤት ሄድኩ። አባዬ እነሱ ከወጡ በኋላ በሕይወት እንደነበረ፣ እኔን እንዳናገረኝ፣ እግሩን እንዳሸሁት ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ታዲያ ልጁ ለምን እንዲያ አለን?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አልኳቸው። ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ገላን እንዳይመጡ ለምኛቸዋለሁ። መምጣት ያለብህ አንተ ነህ። እማዬ ገና አልሰማችም። ላንተ ያለችው ቃል ሲያቃጥላት እንደኖረ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በየበዓሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለች ለጎረቤት ስትዋሽልህ እሰማለሁ። አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ምንም እንድትናገር አልፈልግም፤ ብትክድም አላምንህም።

ስለኔ አትስጋ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ ሰው ሞቷል፣ ሰውም ተወልዷል። ሁለቱንም ችዬ ወደ ቤቴ ሄጄ እራቴን በልቼ አድሬያለሁ። ይሄንንም እችለዋለሁ። እኔን መጠበቅ ይብቃህ ወንድምዬ፣ ና።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ የእማዬን ዓይን ለማየት ያብቃህ፤ ክፉ አይንካህ።

ታናሽ እህትህ