አባዬ፣ ስለ ዳዊት ዋሽቼህ ነበር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። የባኬ ጃማውን ቤት ግማሹን ለሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይተናል። መጻሕፍትህ ያሉበትን ክፍል ግን አልነካነውም። የድሮ ተማሪዎችህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አሁንም «ኢንተላ በርሲሳ»፣ የመምህሩ ልጅ፣ እያሉ ይጠሩኛል። በተጠራሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ወንድሜ ስለ ዳዊት ነው። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ እማዬ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል እጄን ያዝ አድርገህ «ወንድምሽ አላደረገውም፣ አይደል?» አልከኝ። «አላደረገውም አባዬ» አልኩህ። ፊትህ ፈታ አለ። በሦስተኛው ቀን ያንን ይዘህ ሄድክ።

ዋሽቼህ ነበር።

ከጉቴ ገበያ ስትመለስ መኪና ገጭቷት የሞተችውን ሴት፣ ጫልቱን፣ የገጫት ዳዊት ነው። ገጭቷት የሚነዳውን አይሱዙ ሳያቆም ሄደ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ መኪናውን እያጠበ አገኘሁት። ዝናብ ይጥል ነበር። በዝናብ መኪና የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም። የፊት መብራቱ ተሰብሯል። ምን ሆነህ ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ማጠቡ ተመለሰ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። በሳምንቱ ፖሊስ ሲወስደው አንተ እስከ ጣቢያው ድረስ እየተከተልክ፣ የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም ስትላቸው፣ ከኋላህ ቆሜ እሰማህ ነበር።

ክርክሩ የተጀመረው ከአርባህ በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማረሚያ ቤት ስንቅ አደርሳለሁ፤ በቀጠሮ ቀን ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ከእማዬ ጋር ችሎት እቀመጣለሁ። የእማዬን ኦሮምኛ ታውቀው የለም? ከገበያ አያልፍም። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ የሚሉትን በጆሮዋ እተረጉምላት ነበር፤ የከፋ የከፋውን እየዘለልኩ። ሐኪሙ፣ ሴትየዋ ቶሎ ሆስፒታል ብትደርስ ኖሮ ትተርፍ ነበር ብሎ ሲመሰክር፣ ምንም አዲስ ነገር አላለም አልኳት።

ከፊታችን የጫልቱ እናት ትቀመጣለች። ስንወጣ ዞር ብላ «አከም ጅርቱ» ትለናለች፤ ደህና ናችሁ ወይ ትለናለች። ብትሰድበን ይቀለኝ ነበር። የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር፣ ግራጫ ኮትህን ለብሰህ የገባህና ያንኑ ጥያቄ ልትደግምልኝ የመጣህ እየመሰለኝ እዞራለሁ።

ጠበቃው የመከላከያ ምስክር እንድሆን ፈለገ። ዳዊት በዚያ ሰዓት ቤት ነበር፣ መብራቱም ቀድሞ የተሰበረ ነው እንድል። እማዬ እውነት መስሏት ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ቀኑ ሲቃረብ ግን አልቻልኩም። ቅዳሜ ሄጄ፣ ምስክር ሆኜ ከቀረብኩ ያየሁትን እንደምናገር ለዳዊት ነገርኩት። አባዬን ዋሽቼዋለሁ፣ ሌላ ሰው መዋሸት ግን አቃተኝ አልኩት። ስንቁን ሳይቀበለኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ በእግሬ ጨለለቂ ሰፈር ደረስኩ።

በቀጠሮው ቀን ስሜ ከመጠራቱ በፊት ዳዊት ብድግ አለ።

«አናቱ ጎዼ» አለ።

ድምፁ ያንተ ድምፅ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እማዬ ክንዴን ጨብጣ ምን አለ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልዘል ተረጎምኩላት፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት አለ፣ አልኳት። አልጮኸችም። እጇ ብቻ ከክንዴ ላይ ወረደ።

ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እማዬ ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። አሁን ስንቁን የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ዳዊትም ይቀበለኛል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጫልቱን ከወደቀች በኋላ በመኪናው የጎን መስታወት እንዳያት ነገረኝ። እጇን አንሥታ ነበር አለኝ። ይህን ለእማዬ መንገር አልቻልኩም። እኔ ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ታክሲ ለማስቆም እጁን ሲያነሣ ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አባዬ፣ ብነግርህ ኖሮ እነዚያ ሦስት ቀናት ምን ይሆኑብህ እንደነበር አላውቅም። ይቅር በለኝ ልልህ እፈልጋለሁ፤ ግን ያ የተፈታ ፊትህ ፊቴ ላይ ድቅን ይልና ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል።

በሙት ዓመትህ ቄሱ ስምህን ሲጠሩ እኔ በልቤ የጫልቱንም ስም ጠራሁ። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነበር፤ አንተ ግን ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እሷን ትቼ አንተን ብቻ አላስብም።

ልጅህ ሰላም