ከወንበሬ ሥር የሚያጓራው ሞተር

ለተከበሩ የመኪና ፋብሪካው የአዳዲስ ሞዴሎች ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎና ይህን የመሰለ ሐሳብ የሚፈልቅበት ምቹ ቢሮዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ እያደረግኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ መኪናዬም በስክሪኗ ላይ በጻፈችልኝ መሠረት ደኅና ናት።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት ኖሮኝ ሳይሆን፣ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሦስቱም «ውድ ደንበኛችን፣ አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው፤ እባክዎ ሶፍትዌርዎን ያድሱ» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላመጡልኝ ነው። ሶፍትዌሬን ሦስት ጊዜ አድሻለሁ። አስተያየቴ ግን እንደነበረ ነው።

ማንነቴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መንዳት ሳስተምር የኖርኩ፣ ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ ስለ መኪና በማውራት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአጎቴ ጋራዥ፣ በተገለበጡ የዘይት ጣሳዎች ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንድ የታክሲ ሹፌርና እኔ ስለ አዳዲስ መኪኖች ስንጨቃጨቅ እናመሽ ነበር። ፋርማሲስቱ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ የልጅ መጫወቻ ነው ባይ ነው። የታክሲ ሹፌሩ የሚያሸንፈውን አይቶ ይደግፋል። የእናንተ ጠበቃ እኔ ነበርኩ። ዘመኑ ተለውጧል፣ ሰዎቹ ያውቁበታል እያልኩ ስሟገት ኖሬ፣ በመጨረሻም በወሬ ያልተረታውን በተግባር ላሳምን ብዬ የእናንተን አዲስ ሞዴል ገዝቼ ጋራዡ በር ላይ አቆምኳት። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከጠላት የመጣ እንዳይመስልዎ። ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመኪናን ማቀዝቀዣ በአንዲት ክብ ቁልፍ ማዞር ለሠለጠነ ሰው እንደማይመጥን ተረድታችሁ፣ አምስት ጊዜ በጣት ካልተነካ የማይታዘዝ ስክሪን ስለሰጣችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ተማሪዎቼን ዓይናችሁን ከመንገድ አትንቀሉ እያልኩ ሳሰለች ኖሬያለሁ፤ ዛሬ መስታወቱ ጉም በያዘ ቁጥር አስተማሪና ተማሪ አንገታችንን ደፍተን የንፋስ ሥዕል ስንፈልግ፣ መኪናዋ በራሷ ኃላፊነት ትጓዛለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥልጣኔ ሳይሆን አይቀርም።

2ኛ. ጀማሪ ሲያስተምሩ መሪው ላይ ሁለት ሰው ይበዛል፤ እናንተ ሦስተኛ ሆናችሁ ገብታችኋል። ተማሪዬ ጉድጓድ ሸሽታ ወደ ግራ ስታዞር መኪናዋ መሥመር ለቀሻል ብላ ወደ ጉድጓዱ ትመልሳታለች፤ እኔ በበኩሌ እጄን ሰድጄ ወደ ግራ እጎትታለሁ። ለጉድጓዱ ስላሳያችሁት ታማኝነት በመንገድ ሥራ ባለሥልጣኑ ስም አመሰግናለሁ።

3ኛ. ኮፈኑን ስከፍት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥቁር ፕላስቲክና በላዩ የተለጠፈ ማኅተም አገኘሁ። ማኅተሙን ከወኪላችሁ በቀር የነካ ሰው ዋስትናውን እንደሚያጣ በቀይ ተጽፏል። ሞተር አለኝ ማለት ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። የስኮርታ ጎማውን ነገር አላነሣም፤ ምንጣፉን ገልጬ በቦታው ያገኘሁት የፀጉር ቅባት የምታክል የጎማ ቀዳዳ መድፈኛ ጠርሙስ ነች፣ እሷንም በክብር አስቀምጫታለሁ።

4ኛ. እስካሁን የዘረዘርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሟሟቂያ ነው። ከመኝታዬ አስነሥቶ ወረቀት ያስያዘኝ ይህ አራተኛው ነው።

አጎቴ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይባላሉ። አርባ ሦስት ዓመት በዚህ ሙያ ሲኖሩ አንድ ወግ አላቸው፦ ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ከኋላ ወንበር መሀል ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ባለመኪናው ከጋራዡ በላይ ያለውን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ እንዲወጣ ያዝዛሉ። ዳገቱ ሳያልቅ በሽታው ይነገራል። ሦስተኛው ካንዴላ ነው ካሉ ሦስተኛው ነው። ዘይት በወቅቱ ቀይሬያለሁ ብሎ የሚምል ባለመኪና ሲገጥማቸው፣ መኪና አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው ብለው በፈገግታ ያልፉታል።

ከአራት ወር በፊት የነዳጅ መርገጫው ከጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ስክሪኑን ብጠይቀው ሁሉም ደኅና ነው አለኝ። ማኅተሙ ስላለ ሞተሩ አይነካም፤ የቀረልን የአጎቴ ጆሮ ነበርና ወደ እሳቸው ወሰድኳት። እንደ ወጋቸው ከኋላ ተቀመጡ፣ ጨፈኑ፣ ዳገቱን ወጣን። ፋርማሲስቱና የታክሲ ሹፌሩ ፍርዱን ለመስማት በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አጎቴ ሲወርዱ ፊታቸው ፈክቶ፣ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሞተር ከሰሙ ዘመን እንደሆናቸው፣ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ ዘንድ እንደሚመኙ፣ ፋርማሲስቱም ከእንግዲህ አፉን ቢይዝ እንደሚሻለው ተናገሩ። እርስዎ አልሰሙም እንጂ ያን ቀን በጋራዣችን ተመርቀዋል።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የሁለት ልጆች እናት የሆነች ተማሪዬ እየነዳች ድልድዩ መሀል ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ከኋላችን የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ የቆመው ሊነካን አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ተማሪዬ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም። ወኪላችሁ ዘንድ ሞተሩ ሲፈታ ብሮንዚኑ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ተበልቶ አልቆ ተገኘ፤ የፈታው መካኒክም ይህ ለሳምንታት ሲያንኳኳ የሰነበተ ነገር ነው፣ እንዴት አልሰማችሁትም ብሎ ታዘበን።

እንዴት እንዳልሰማነው ያወቅኩት በመመሪያ መጽሐፋችሁ ገጽ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ግርጌ፣ በማጉያ መነጽር ነው። ከወንበሮቹ ሥር የተቀመጡት ስፒከሮች «ያልተፈለገ ድምፅን በመቀነስ የመንዳት ስሜትን የሚያዳብር ድምፅ ያቀርባሉ» ይላል። በእኛ ቋንቋ ሞተሯ ስታቃስት ስፒከሩ ያጓራል ማለት ነው። አጎቴ ያን ዳገት ሙሉ ጨፍነው ያዳመጡት ሞተር ሳይሆን ካሴት ነበር። አንድ ብሮንዚን ቢበላ ይበላል፤ ብረት ነው። የታማሚን ጩኸት አፍኖ በቦታው ዘፈን መክፈት ግን በየትኛው የምሕንድስና ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ቢጠቁሙኝ ልጄን ከዚያ ባራቅኩት ነበር።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ፍዳውን የከፈሉት አጎቴ ናቸው። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ስታልፍ በር ላይ ቆመው አዩ። የተማሪዬን ቤት ጠይቀውኝ ብቻቸውን ሄዱና፣ ምንም ያላጠፉ ሽማግሌ፣ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሴትየዋ እያለቀሰች አነሣቻቸው። ተመልሰው መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ ጠርገው ሣጥን ውስጥ ከተቱና «ጆሮዬ ሄዷል፤ ሰው ሳልገድል ላቁም» አሉ። ጋራዡ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝግ ነው። ጎረቤት መኪናውን አስነሥቶ እስኪ አንዴ ይስሙልኝ ሲላቸው ወደ ኮምፒዩተር ውሰደው ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው የጎረምሳ ጆሮ ነው ያለዎት ተብለው ነበር፤ የሐኪሟ መሣሪያ ተበላሽቷል ብለው ወረቀቱን ሳያጥፉት ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

ገጽ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባትንም አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ይህ ስለ ሙዚቃ ነው የሚያወራው አሉ። ስፒከሩን ከወንበሩ ሥር ላሳይዎት ብል በዚያች መኪና ውስጥ ዳግመኛ አልቀመጥም አሉ። ደጋግሜ ስጨቀጭቃቸው ግን አዘኑብኝና፣ «መኪና የሚሠራ ሰው የገዛ ሞተሩን ድምፅ ለምን ይደብቃል? እኔን ለማጽናናት ብለህ ሰው አትማ» ብለው ገሠጹኝ። ክቡርነትዎ፣ አጎቴ ይህን ያህል ያምኗችኋል። ከገዛ ጆሯቸው በላይ ያምኗችኋል።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሞተሩን ቀይራችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስክሪኑን ለምጄዋለሁ፤ ከመሪያችሁም ጋር እየታገልኩ እኖራለሁ። የምለምነው የፋብሪካው ማኅተም ያረፈበት፣ በአጎቴ አድራሻ የተላከ፣ «በዚያ ቀን የሰሙት ድምፅ የሞተሩ አልነበረም፤ እኛ የሠራነው ነው፤ ጆሮዎ አልተሳሳተም» የሚል የሦስት መሥመር ወረቀት ነው። ይህን መጻፍ ለሽያጭ ክፍላችሁ እንደሚከብደው አላጣሁትም። ሆኖም አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ አዘጋጅታችሁ ያልተናገራችሁትን በሦስት መሥመር መናገር እንደምትችሉ እምነቴ ነው። ቢዘገይ ግን አጎቴ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉም በተዘጋ በር ትይዩ ተቀምጠው እንደሚውሉ ያስቡልኝ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለሚያዳብሩልኝ ስሜትና ሳልጠይቅ ለተዘፈነልኝ ዘፈን ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለመጪው ሞዴልዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ማስታወቂያ እመኛለሁ።

የቀድሞ ጠበቃዎና የዛሬ ተጎታችዎ፣
የመንዳት አስተማሪው

ማስታወሻ፦ መልስዎን በስልክ እንዳይሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከእናንተ በኩል የሚመጣ ድምፅ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሰው ጉሮሮ መውጣቱን የማረጋግጥበት መንገድ ስለሌለኝ፣ በጽሑፍ ይሁንልኝ።