የሩቂያ አርባ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የወፍጮው ቺንጋ፣ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ዛሬም ተበጠሰ። ገብስ ተሸክመው የመጡት ሴቶች እያጉረመረሙ፣ ሰፍቼ አስነሣሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ዱቄቴን አራግፌ ወደ ቤ/ክ። የኔታ በግንቡ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ትርጓሜ ያስተምራሉ። እኔ ተማሪያቸው አይደለሁም፤ ዳዊት ከመድገም አላለፍኩም። ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሚስቴ ሩቂያ ከሞተች ወዲህ አልቀረሁም።

ዛሬ የጴጥሮስ መልእክት ነው። ለሙታንም ወንጌል ተሰበከ የሚለው ላይ ደረሱ። ሙታን ያላቸው በኃጢአት የሞቱትን ነው አሉ። ቀጥለው "አንድም" አሉ፤ ሌላ ፍቺ ሲመጣ እንደሚባለው። አንድም በሲኦል የነበሩትን ነፍሳት ነው፤ ጌታ ወርዶ ሰበከላቸው።

ደብተሬ፣ ሞተው የሰሙ አሉ ማለት ነው። ታዲያ ሩቂያስ?

ታኅ. 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ያዝኳቸው። አርባዋ ጥር 4 ነው፣ ስሟ በጸሎት ይነሣልኝ አልኩ። ያልተጠመቀችን እንዴት ብለን አሉኝ። አዝነው ነው ያሉት፤ አልተቀየምኳቸውም። በየትኛው ስም እንጥራት? የክርስትና ስም የላት።

ከእስላም ወገን ናት። ለጥምቀት ሰሞን ልትጠመቅ ቀጠሮ ነበራት። የሳንባ ምች ቀደመ። የነፍስ አባቴን እንዲያጠምቋት ልጠራ ስሮጥ፣ እሳቸው ጎበሳ ለቀብር ሄደዋል። ሲመለሱ አልፋለች። እዚህ የቤ/ክ መቃብር አልተፈቀደላትም። ወንድሟ ሁሴን መጥቶ ዴራ ወሰዳት፣ ከወገኖቿ ጋር ቀበራት። ምን እላለሁ።

አዕማደ ምሥጢርን፣ አምስቱን የእምነት ምሰሶዎች፣ ከየኔታ እየተማረች ነበር። ሥላሴን ጨርሳለች። ሥጋዌንም። ጥምቀት ላይ ስትደርስ፣ በዚህ ብርድ ውሃው ሞቅ ይደረግ ይሆን ወይ ብላ የኔታን ጠየቀቻቸው። የኔታ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የአሰላን ብርድ ሲረግሙ ነው የሚውሉት። እኔም ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው አሏት። እንዴት እንደሳቀች።

ታኅ. 17፣ ማክሰኞ

የሰማሁትን ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ጥርሳቸውን ታመው ጉንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመዋል፤ ቃላቸው በግድ ይሰማል። ወርዶ የሰበከላቸው ከመምጣቱ በፊት ለሞቱት ነው፣ የአንተዋ ከመጣ በኋላ ነው የሞተችው አሉኝ። አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ አልኩ። ደገሙልኝ። ባልለምን ይሻለኝ ነበር።

እህል አልቀመስኩም። ጾም ስለሆነ አይደለም።

ታኅ. 19፣ ሐሙስ

ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ግብረ ገብ የሚያስተምር መ/ር ዳንኤል የሚባል ወጣት አለ። አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ተምሯል። የግሪክ ፊደል ያነባል ይባላል። ዛሬ ስንዴ ይዞ መጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ስለ ጴጥሮስ ቃል ጠየቅኩት። ተሰላፊዎቹ ተነሡብኝ። አንዷ፣ "አያ፣ ስብከቱን ለእሑድ ያቆዩት፣ ለዛሬ ዱቄታችንን ይስጡን" አለች። ሁሉም ሳቁ። መልሼ አስነሣሁ።

ከሥራ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። መጽሐፉን ገልጦ ጣቱን በማላውቀው ፊደል ላይ አኖረ። የጥንት ሊቃውንትም አልተስማሙበትም አለኝ። ከፊሎቹ የየኔታን አንዱን ፍቺ ይሉታል፣ ከፊሎቹ ሌላውን። እሱ የሚያደላው ግን ወደ ሦስተኛ ነው፦ በሕይወት ሳሉ ወንጌል ሰምተው፣ አምነው፣ ኋላ የሞቱትን ነው። ጸሐፊው የሚያጽናናው ሰው የሞተባቸውን ነው አለ። እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። እርግጠኛ አይደለሁም አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ አይዋሽም።

ሰምታ፣ ኋላ የሞተች። ይህማ ሩቂያ ናት። እግሬ መሬት ሳይነካ ቤቴ ገባሁ።

ታኅ. 20፣ ዓርብ

ከትናንቱ ደስታ ጭላጭ አልቀረም። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ አንዲት ቃል ያዘችኝ። "አምነው" ነው ያለው። ሰምታለች። አምናለች ወይ?

አብረን ኖረን ይህን አልጠየቅኳትም። ስትማር አያታለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ አበቃ። የምታምነውን ነው የምትደግመው ወይስ እኔ ደስ የሚለኝን? ጌታ ሆይ፣ እኔስ የማምነውን ነው የምደግመው? ዳዊቱን ከፍቼ ዘጋሁ። ፊደሉ ይታየኛል፣ ቃሉ አይገባኝም።

ታኅ. 23፣ ሰኞ

ሁሴን ከዴራ ሽንኩርት ጭኖ መጣ። ወፍጮ ቤት ብቅ አለ። "ሶዳ" አለኝ፤ በኦሮምኛ አማች እንዲህ ነው የሚጠራራው። "ሶዳ፣ አንተን አራግፎ ያቦካ ሰው ለሰርግ ይበቃዋል።" ለመሳቅ ሞከርኩ። ለአርባዋ ዴራ ሰደቃ አውጥተው ዱዓ ሊያደርጉላት ነው፤ ና አለኝ። የኛ ሥርዓት ሌላ ነው አልኩት። ዴራ ከሄድኩ የእኛ አይደለችም ብዬ በአፌ መመስከሬ ነው።

ሊወጣ ሲል ያዝኩት። እህትህ ስለ ጥምቀቷ ምን አለችህ? መሬት መሬት አየ። ኋላ፣ ልትለውጪ ነው ወይ ብዬ ተቆጥቻት ነበር አለኝ። ሳቀችበት። ስንሞት ከባሌ ጋር አንድ ግቢ እንዲያሳርፉን ብዬ ነው እንጂ አለችው።

ይኸው ነው። ሁሴን ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። ዱቄቱ እጁ ላይ ቀረ።

ስለ እኔ ነበር። የፈለገችውንም አላገኘች፤ እሷ ዴራ፣ እኔ እዚህ።

ታኅ. 26፣ ሐሙስ

የኔታ ዘንድ፣ በተማሪዎቹ ፊት። ከእንግዲህ ምን አፍራለሁ። ስለ ባሏ ብላ የተማረች ሴት፣ ከባሌ አልለይ ብላ ልትጠመቅ የነበረች፣ ይህ ፍቅሯ እንደ እምነት የሚቆጠርበት አንድም የለም ወይ አልኳቸው። አንድ ፍቺ። ከየትም ይሁን።

እግዜር ያውቃል፣ ሊሉልኝ ፈልገው ነበር፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል።

"ልጄ፣ ከመምህሬ ያልሰማሁትን አንድም አልልም።"

መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። "አንድም" ብዬ አልፈታም ማለታቸው ነው? ወይስ አንድም ነገር አልናገርም? በሁለቱም ብፈታው ለሩቂያ የሚሆን የለም።

ታኅ. 29፣ እሑድ፣ ገና

ቤ/ክ ሄድኩ። ሰው እልል ይላል። ቆምኩ፣ ተንበረከኩ፣ ተነሣሁ። እንደ እንጨት። ጎረቤት ጠራኝ፣ አልሄድኩም። እግዜር ቢፈቅድልኝ ዛሬውኑ ቢወስደኝ። ግን ከሞትኩም ከእሷ ጋር አያሳርፉኝም። መሞቱም አያዋጣ።

ጥር 2፣ ረቡዕ

ክፉ ሐሳብ መጣልኝ፤ ክፉ መሆኑን እያወቅኩ ቀኑን ሙሉ ስመግበው ዋልኩ። በቆጂ ማንም አያውቀኝም። ሚስቴ ሞታለች፣ አርባዋ ነው እላለሁ። የክርስትና ስሟ ማነው ይሉኛል። ወለተ ሥላሴ እላለሁ። ሥላሴን ተምራ ጨርሳለች፣ ሙሉ ውሸትም አይደል። ይጸልዩላታል። በመቅደስ ትጠራለች። ማን ተጎዳ?

ለባለ ወፍጮው ዓርብ አልገባም አልኩት። የአውቶቡሱን ሰዓት ጠየቅኩ።

ጥር 4፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ለብሻለሁ። ወደ በቆጂ የሚወጣው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወደ ዴራ የሚወርደው ትንሽ ቆይቶ።

በቆጂ ሄጄ የምለውን ልለማመድ ብዬ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ ተጣራሁ። ወለተ ሥላሴ። ደገምኩት። ቤቱ ጭጭ። እኔም ማንን እንደጠራሁ ግራ ገባኝ። ካህኑ መቶ ጊዜ በዚህ ስም ቢጠሯት፣ ከየት ሰምታው አቤት ትላለች? ይህን ስም ማንም ጠርቷት አያውቅም። ሌላ ሴት የተጠራች መስሏት ዝም ትላለች።

ከዚያ ሩቂያ አልኩ። አለቀስኩ። ዛሬ ገና።

ፍቺውን አላገኘሁም። ማመን አለማመኗን አላውቅም። የት እንዳለች አላውቅም። የኔታም አያውቁም፣ መ/ር ዳንኤልም አያውቅም፤ ሁለቱም አልዋሹኝም። እኔ ልዋሽላት አልችልም።

ዴራ እወርዳለሁ። ጾም ነው፣ ሰደቃውን አልቀምስም፤ ሁሴን ያውቃል። ዱዓቸውን ሲያደርጉ ጫማዬን አውልቄ ዳር እቀመጣለሁ። ሲጨርሱ መቃብሯ ዘንድ ቆሜ የማውቀውን እደግማለሁ፣ በስሟ፣ ሁሉም እየሰሙኝ። የሚከለክለኝ ካለ ይከልክለኝ። ለነፍስ አባቴም ስመለስ እነግራቸዋለሁ።

የበቆጂው አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋ። ይሂድ። አሁን ዳዊቴን ይዤ እወጣለሁ።