ዲዋን ማለት ምን እንደሆነ ለዘነጉት ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ጥሩሰው፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር
አትላንታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መኪናውን ሁሉ ቢጫ ባደረገው በዚህ የአበባ ብናኝ ዓይንዎም ጉሮሮዎም እንዳይጎዱብን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሐዘኔ በቀር ደኅና ነኝ።

፩. ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩን ሕንዳዊው መምህር ቫርጊስ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ማረፋቸውን ነግሬዎ፣ እንደ ልማዳችን ለአባላቱ የለቅሶ መልእክት እንዲያስተላልፉ ለምኜዎ ነበር። እርስዎም መምህራችን የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ ደንቡ እንደማይፈቅድ ገለጹልኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። መምህራችንም እንደርስዎ ቢጠነቀቁ ኖሮ ሳይመዘገቡ ባልሞቱ ነበር።

፪. አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ዲዋን ማን እንደሆነ ሲጠይቁን፣ እርስዎ ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው በሕንድ መሳፍንት ግዛቶች ለዋናው ሚኒስትር የሚሰጥ ማዕረግ ነው ብለው መለሱ። መምህራችን ግን «ማዕረጉን ነገርከኝ፤ ሥራውን አልነገርከኝም» አሉዎ። የገዢውን ትእዛዝ ወደ ሕዝብ ማውረድ ማንም መልእክተኛ እንደሚችለው፣ የዲዋን ቁም ነገሩ የሕዝቡን አቤቱታ ወደ ላይ ማድረስ እንደሆነ አስረዱን። ከዚያ ወዲያ እርስዎን በፍቅር «ዲዋን» እያሉ ይጠሩዎ ነበር። ማዕረጉን እስከ ዛሬ ሳይጥሉ ስለያዙ እንኳን ደስ አለዎ።

፫. ባለቤታቸው ደሴ ላይ ሲሞቱ ከተማው ሳይጠራ መጥቶ አልቅሶላቸዋል፤ እርስዎና እኔም ዳሱ ውስጥ ውሃ ስናድል ውለናል። መምህራችን ይህን አልረሱም። ለልጃቸው ለሊዲያ «ሐበሻ ለለቅሶ አይጠራም፤ ሰምቶ ይመጣል። ወንበር እንዳያንስሽ» ብለው ተናዘዙላት። እሷም ማሪዬታ ያለውን ቤቷን እስከ ጋራዡ ድረስ በኪራይ ወንበር ሞላችው። ሦስት ቀን እሷና እኔ ተቀመጥን። ማንም አልሰማምና ማንም አልመጣም። ወንበሮቹን ሊወስድ የመጣው ሾፌር እንዲህ ንጹሕ ሆነው ተመልሰውለት እንደማያውቁ ተናግሮ አመሰገነን። ምስጋናው የሚገባው ለእርስዎ ስለሆነ ይኸው አስተላልፌያለሁ።

አርባቸው ቅዳሜ በሊዲያ ቤት ይወጣል። አንዲት መስመር መልእክት ለአባላቱ ቢልኩልን ደንቡም ይቅር የሚልዎ ይመስለኛል።

ለከፍተኛ ኃላፊነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የሥራ ብዛት ፋታ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣
አብራዎ የተማረች
ወይዘሮ ዘነበወርቅ

ማሳሰቢያ፦ በሦስተኛው ቀን ሊዲያ «አባቴን አይወዱትም ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው አልኳት። እርስዎን ለመሸፈን በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ለቅዳሜ የሚሆን ውሸት ግን የለኝም።